የረጃጅም በሮች አገር

ስሟን መጥራት ለጸሐፊም ለአንባቢም ጤና ስለማይበጅ የማልጠራት፣ ነገር ግን ያያት ሁሉ ወዲያው የሚያውቃት አንዲት አገር ነበረች። በላይኛው ሰፈሯ ደመወዛቸው ወፍራም የሆነ ሰዎች፣ በታችኛው ሰፈሯ ደግሞ ደመወዛቸው ወሩ ሳይጋመስ የሚያልቅ ሰዎች ይኖሩባት ነበር። የላይኞቹስ ደመወዝ መቼ ያልቅ ነበር ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፣ በመጀመሪያው ሳምንት ያልቅ እንደ ነበር በትሕትና እንገልጻለን። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፤ የታችኞቹ የሚያልቅባቸው ጎድሎባቸው ሲሆን የላይኞቹ የሚያልቅባቸው በክብር ነበር።

ይህ ክብር እንዲያው ከሰማይ የወረደ አይደለም። አገሪቱን የመሠረቱት ንጉሥ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዙፋን ላይ በተቀመጡ ማግስት ባስነገሩት አዋጅ የአንድ ቤተሰብ ማዕረግ የሚለካው ከቤቱ በሚወጣው ገንዘብ እንጂ በቤቱ በሚያድረው እንዳልሆነ ደንግገው ነበር። ንጉሡ ይህን ያወጁት ግምጃ ቤታቸውን ከፍተው ባዶ ሆኖ ባገኙት ዕለት ነው የሚሉ ክፉ ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን ክፉ ሰዎችን አንሰማም። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ማሳደር እንደ ነውር ተቆጠረ፤ ቆጣቢ ነው ተብሎ የተወራበት አባወራ ልጁን መዳር ይቸግረው ጀመር። የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ሰው ካላየው እንዳልወጣ ነውና፣ የላይኛው ሰፈር ሰው ሁሉ ከቤቱ ፊት ትልልቅ በር ማሠራት ያዘ። የእያንዳንዱ በር በየዓመቱ ከጎረቤቱ በር መብለጥ ነበረበት፤ ጎረቤትየውም ያንኑ ግዴታ ተሸክሞ ነበር። ይህ ታሪክ በተፈጸመበት ዘመን በሮቹ ከቤቶቹ እጅግ ከመርዘማቸው የተነሣ አንዳንዱ ባለጠጋ ፀሐይ የሚያየው መሥሪያ ቤት ሲሄድ ብቻ ነበር።

ከእነዚህ በሮች ከአንደኛው ኋላ አቶ ወንድይፍራው የሚባሉ የተከበሩ ሰው፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የሺመቤትና ከአንዲት ልጃቸው ከአስካል ጋር ይኖሩ ነበር። አቶ ወንድይፍራው የመንግሥት ዋና የቁጠባ መካር ሲሆኑ፣ ሥራቸውም ወደ ታችኛው ሰፈር እየወረዱ ሕዝቡ ከሌለው ላይ እንዴት መቆጠብ እንዳለበት ማስተማር ነበር። ሥራው ከባድ ስለሆነ ደመወዙም ከባድ ነበር። የገዛ ቤታቸውን ቁጠባ በተመለከተ ግን አቶ ወንድይፍራው የቢሮ ጉዳይ ወደ ቤት ይዞ መግባት አይወዱም።

አስካል ሐኪም መሆን ትፈልግ ነበር። ሐኪም መባልን ሳይሆን ሰው ማከምን ነበር የምትፈልገው፤ እንዲህ ያለው ምኞት በላይኛው ሰፈር ብዙም ስላልተለመደ ወላጆቿ ልዩነቱን ልብ አላሉትም። ታላቁ የጥበብ አዳራሽ የሚባለው የአገሪቱ አንጋፋ ኮሌጅ «ፈተናውን አልፋለች» ብሎ በላከ ዕለት፣ አባቷ ደስታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው የበራቸው ጫፍ ወርቃማ ቀለም እንዲቀባ አዘዙ። ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ወይዘሮ የሺመቤት ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ለትምህርቷ ተብሎ ሲጠራቀምበት የኖረውን ሙዳይ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ምነው ቀለለኝ?» አሉ ሙዳዩን ሲከፍቱ።

«ባለፈው ዓመት መኪናውን ስንቀይር ለጊዜው ብለን ወስደን የለ እንዴ?» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

«ካቻምናስ?»

«ካቻምና በሩ ነው።»

«ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትስ?»

«እሱም በሩ ነው። አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ የጎረቤቱ በር አናታችን ላይ ወጣ ያልሽው?»

ወይዘሮ የሺመቤት ሙዳዩ ውስጥ የቀረውን በጣታቸው ገፋ ገፋ አድርገው አዩና፣ «እንግዲህ ለደብተር ይበቃል» አሉ። ትንሽ አሰብ አድርገውም፣ «ደብተሩ ቀጭን ከሆነ» ብለው ጨመሩ።

አቶ ወንድይፍራው እንደ ጨዋ ሰው ተነሥተው ወደ ጥበብ አዳራሹ ሊቀ መዝገብ ዘንድ ሄዱና ድጎማ እንዲደረግላቸው አመለከቱ። አዳራሹ የቤተሰብን የመክፈል አቅም የሚያውቀው በበሩ ቁመት ነበር። በሩ አጭር የሆነ ልጁን በነጻ ያስተምራል፤ በሩ መካከለኛ የሆነ እኩሌታውን ይከፍላል፤ በሩ ረጅም የሆነ ደግሞ የራሱንም የነዚያንም ይከፍላል። በሩ ረጅም ሆኖ ከበሩ ኋላ ምንም የሌለው ሰው ይኖራል ብሎ የጠረጠረ ሕግ አውጪ አልነበረም።

«ክቡርነትዎ እየቀለዱ መሆን አለበት» አለ ሊቀ መዝገቡ። «ሠራተኞቻችን የእርስዎን በር ለክተው የተመለሱት አንገታቸውን እያሻሹ ነው።»

«ከበሩ ኋላ ያለውን ግን አላዩም እኮ፣ ወንድሜ።»

«ሕጉ የሚያደርሰን እስከ በሩ ነው።»

«እንግዲያው በሩን ባሳጥረውስ?»

ሊቀ መዝገቡ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ የክፍሉን መዝጊያ ገርበብ አደረገው። «ኧረ እባክዎ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ቢሮ ተነገረ ከተባለ እኔም ከሥራዬ እባረራለሁ።»

አቶ ወንድይፍራው ተመልሰው ቤተሰቡን ለምክክር ሰበሰቡ። በምክክሩ ላይ ሁለተኛው መኪና ይሸጥ የሚል አሳብ ቀርቦ ወይዘሮ የሺመቤት ራሳቸውን ስላመማቸው ታለፈ። የአትክልት ስፍራው ፏፏቴ ለአንድ ዓመት ውኃው ይዘጋ የሚል ሌላ አሳብ ቀርቦ፣ የውኃው ድምፅ እስከ ጎረቤት ስለሚሰማ ዝምታውም እንደሚሰማ ታወቀ። በዚህ ጊዜ ነበር አስካል የተናገረችው።

«አባባ፣ ታችኛው ሰፈር ያለው ኮሌጅ ልግባ። ሄጄ አይቼዋለሁ። ክፍያው እናንተ በወር ለፏፏቴው የምታወጡትን አይሞላም። መምህራኑም ተማሪዎቹን ሕሙማን ዘንድ ይዘዋቸው ሄደው ነው የሚያስተምሩት።»



«ማን አየሽ?» አሉ እናቷ።

«የት?»

«ታችኛው ሰፈር ስትሄጂ ነዋ! ማን አየሽ? የጎረቤቶቻችን የነወይዘሮ አልማዝወርቅ ሾፌር በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው።»

«እማዬ፣ እኔ መማር ነው የፈለግሁት።»

«መማሩንማ ማን ጠላው?» አሉ አባቷ በርኅራኄ። «ሰው ምን ይላል ነው እንጂ። እኔ እዚያ ሰፈር ወርጄ ቆጥቡ የምለውን ሕዝብ፣ ነገ ልጄ ከልጆቹ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ቢያያት፣ ይኸ ሰውዬ ራሱ መቆጠብ ጀመረ እንዴ ብሎ ንቆኝ አይሰማኝም።»

በማግስቱ ወደ ባንክ ሄዱ። የባንኩ ሹም ከበራቸው ርዝመት የተነሣ አቶ ወንድይፍራውን በሩቁ ስለሚያውቃቸው ወንበር ስቦ ተቀበላቸው።

«ለመኪና ከሆነ አሁኑኑ እንፈራረም» አለ። «ለድግስ ከሆነም እንዲያውም ዘግይተውብናል።»

«ለልጄ ትምህርት ነበር።»

የባንኩ ሹም ፊት ጠቆረ። «ይህማ ያስቸግራል፣ ጌታዬ። መኪናው ካልተከፈለበት ጎትተን እንወስደዋለን። ትምህርቱ ካልተከፈለበት ከልጅዎ ጭንቅላት ምኑን ጎትተን እንወስዳለን?»

«የተበላ ድግስስ ምኑ ይጎተታል?»

«ድግስ ሌላ ነው። ድግስ ሰው ያየዋል። ለድግስ ያበደርነው ሰው ስሙ እንዳይጠፋ ሲል እየተንቀጠቀጠ ይከፍለናል። ለትምህርት ያበደርነው ግን ይማርና ወለዱ በዛ ብሎ ይከራከረናል።»

አቶ ወንድይፍራው የዚህን ክርክር ጥልቀት እያደነቁ ወጡ። ባንኩ ለመኪናና ለድግስ ካልሆነ እንደማያበድር፣ አዳራሹም በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ እንደማያስተምር ለሚስታቸው በነገሯቸው ጊዜ፣ ወይዘሮ የሺመቤት እንዲህ ያለ ቋጠሮ የሚፈታ አንድ መላ አዋቂ በሰፈሩ እንዳለ ሰምተው ነበርና አስጠሩት። ይህ ሰው ገቢያቸው ብዙ ሆኖ የተቀመጠ ጥሪት የሌላቸውን ቤተሰቦች በመምከር የታወቀ ነው። ዋጋውን አስቀድሞ ተቀብሎ ከጨረሰ በኋላ ዓይኑን ጨፈነ።

«ባንኩ የሚያበድረው ለምንድን ነው?» አለ።

«ለመኪናና ለድግስ» አሉ ባልና ሚስት በአንድ ድምፅ።

«ድግስ ምን ያመጣል?»

«ስጦታ።»

«ከድግስ ሁሉ ብዙ ስጦታ የሚያመጣውስ?»

ወይዘሮ የሺመቤት ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ምረቃ!» አሉ።

«በቃ፤ ልጅቷን እንመርቃታለን።»

«ገና መማር አልጀመርኩም እኮ!» አለች አስካል።

መላ አዋቂው ዓይኑን ገለጠና በትዕግሥት አያት። «እቱ፣ ነገሩን ለይተን እንየው። ጋውኑ የሚከራይ አለ። ፎቶ አንሺው አለ። ኬኩ ይታዘዛል፣ ድንኳኑ ይተከላል። የጎደለው አንድ ነገር ትምህርቱ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ በሚመጣው ስጦታ ከፍለን ከኋላ እናስገባዋለን።»

«ሳልማር ምን ብዬ እመረቃለሁ? ሰው ቢጠይቀኝስ?»

«በምረቃ ላይ ስለ ትምህርት የጠየቀ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት እናቷ፤ ይህንንስ አይታ አታውቅም።

አባቷ እጇን ይዘው፣ «ድግሱ እሑድ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ክፍል ትገቢያለሽ። ቃሌ ነው» አሏት። ልጅቷም አመነች። እኔ ይህን ታሪክ የምጽፈው ለመሳቅ ነው፤ ግን እውነቱን ልናገርና፣ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ልጅቷ አንጀቴን ትበላኛለች። እስከ እሑድ ድረስ ስለ ሰውነት ክፍሎች የሚናገር አንድ መጽሐፍ ከታችኛው ሰፈር ተውሳ፣ ሰኞ ስትገባ ከሌሎቹ ወደ ኋላ እንዳትቀር ስታጠና ሰነበተች።

የምረቃው ድግስ በአገሪቱ ታሪክ ተወዳዳሪ አልተገኘለትም። ባንኩ ከተጠየቀው በላይ አበደረ። ድንኳኑ ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ቤቶች ስለሸፈነ ጎረቤቶች ሳይጠሩም ተገኙ። ኬኩ በእውነተኛው የሰው ልብ አምሳል ተሠርቶ አስካል ቢላ ባሳረፈችበት ጊዜ ከውስጡ ቀይ ማርማላታ ስለፈሰሰ፣ እንግዶቹ የመጀመሪያ ቀዶ ጥገናዋን አየን ብለው አጨበጨቡ። አንድ ባለሥልጣን ተነሥተው ስለ ትምህርት ጥቅም ሰፊ ንግግር አደረጉ፤ ካሜራው ባትሪ ሲጨርስ ንግግሩም አለቀ።

ከዚያ ስጦታው ይጎርፍ ጀመር። ወርቁ፣ ማቀዝቀዣው፣ የታሸገው ፖስታ፣ ምንጣፉ እየመጣ ጠረጴዛው ላይና ሥሩ ተከመረ። አስካል አጠገቡ ቆማ በልቧ ስታሰላ፣ ከቀትር በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያስተምራት ነገር ተሰብስቦ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሦስተኛው ዓመት በአንድ ነጋዴ እጅ ገባ። ፊቷ በራ፤ ፎቶ አንሺውም በዚያ ቀን ስትስቅ ያገኛት በዚህች ደቂቃ ብቻ ነው።

ሆኖም በላይኛው ሰፈር «እጅ መመለሻ» የሚባል ልማድ አለ። ስጦታ የተቀበለ ሰው፣ ሰጪው ከበሩ ሳይወጣ ከሰጠው የሚበልጥ ነገር አስይዞ ይሸኘዋል፤ እኩል የመለሰ እንደ ንፉግ ይታያል፤ ያልመለሰ ስላልተገኘ እንዴት እንደሚታይ አይታወቅም። መላ አዋቂው ይህን ልማድ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ነገር ግን የተጠየቀው ገንዘቡ እንዴት እንደሚመጣ እንጂ እንዴት እንደሚቆይ አልነበረም። እንግዶቹ መሸኘት ሲጀምሩ አቶ ወንድይፍራው ከጠረጴዛው ላይ እያነሱ፣ ባነሱት ላይ ከባንኩ ገንዘብ እየደረቡ ይሰጡ ጀመር።

«አባባ፣ ዛሬን ብቻ» አለች አስካል እጃቸውን ይዛ። «ዛሬን ብቻ አይመልሱ። አመሰግናለሁ ብለው ይሸኟቸው።»

አባቷ ዙሪያቸውን ቃኙና ጎንበስ ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ማን አስተማረሽ ቁጠባ?» አሏት፤ ድምፃቸው በእውነት አዝኖ ነበር።

ስለዚህ አስካል የመጀመሪያው ዓመት ትምህርቷ በአንድ ጄኔራል ብብት ሥር ሆኖ ከበሩ ሲወጣ አየች። ሁለተኛው ዓመት በአክስቷ መኪና ኋላ ተጫነ። ሦስተኛውን ነጋዴው ራሱ፣ ካመጣው ጋር አንድ በግ ተጨምሮለት እየጎተተ ይዞት ሄደ። ድንኳኑ ሲፈርስ ጠረጴዛው ላይ የቀረው የኬኩ ፍርፋሪና የተከራየው ጋውን ነበር፤ ለጋውኑም የኪራይ ሒሳብ ይቀር ነበር።

ሰኞ ጠዋት አስካል ደብተሯን ይዛ፣ ቀጭኑን ደብተር፣ ሳሎን ውስጥ ቆመች። ወላጆቿ የምረቃ ፎቶዋን የት ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅሉ ይከራከሩ ነበር።

«ክፍያው ባይሞላም ሊቀ መዝገቡን ጊዜ ስጠን እንበለው» አለች። «ሌላው ቢቀር ታችኛው ሰፈር ልግባ።»

«የት ትገቢያለሽ?» አሉ እናቷ መዶሻውን ይዘው።

«ትምህርት ቤት። ሰኞ ነዋ።»

ባልና ሚስት ተያዩ። ቀድመው የተናገሩት አቶ ወንድይፍራው ናቸው። «ልጄ፣ እስቲ አስቢው። ትናንት አገር ሁሉ ሲያይሽ ተመርቀሻል። ዛሬ ደብተር ይዘሽ ስትሄጂ ቢያይሽ ምን ይላል? ወድቃ ደገመች ይላል እኮ!»

«አልወደቅሁም እኮ! አልጀመርኩም!»

«እሱማ ከመውደቅም የባሰ ነው» አሉ እናቷ፤ ምስማሩንም መቱት።

የቀረውን በአጭሩ እንናገራለን፤ በጎ ነገር ቶሎ ይስፋፋልና ብዙ ማብራሪያ አይሻም። የላይኛው ሰፈር ቤተሰቦች ይህን ባዩ ጊዜ አንድ ሰው ልጁን አምስት ስድስት ዓመት ከማስጠበቅ በአንድ እሑድ ማስመረቅ እንደሚችል ተረዱ። ታላቁ የጥበብ አዳራሽ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ ነገር ግን የምረቃ ፈቃድ ክፍያ በበር ቁመት እንዲሆን ከተስማሙ በኋላ ቁጣው በረደ። ወንበሮቹን አውጥቶ መማሪያ ክፍሎቹን ለድግስ ማከራየት ጀመረ፤ መምህራኑም ድምፃቸው የታረመ ስለነበር የመድረክ አስተዋዋቂ ሆኑ። ባንኩ አተረፈ። አቶ ወንድይፍራው ወደ ታችኛው ሰፈር ወርደው «ልጄን በቁጠባ እንዴት አስመረቅሁ» በሚል ርእስ ትምህርት ሰጡ፤ ሕዝቡም ከሥራ ቀርቶ እንዲሰማ ስለታዘዘ በጥሞና ሰማ።

አስካል ግን ዶክተር ሆነች። በበሩ ላይ ስሟ ከነማዕረጉ ተጻፈና የሰፈሩ ሕመምተኞች ይመጡ ጀመር።

«እኔ ምንም አላውቅም» ትላቸው ነበር። «አልተማርኩም። እባካችሁ ወደ ታችኛው ሰፈር ኮሌጅ ሂዱ፤ እዚያ የሚያክሙ ሰዎች አሉ።»

«ዶክተሯ እንዴት ትሑት ናት!» እያሉ ይሄዱ ነበር። እዚያም ይታከማሉ፣ ይድናሉ፣ ተመልሰውም የዳኑት በእሷ ምክር መሆኑን ይመሰክራሉ። እንዲህ ሆኖ በአንድ ክረምት ውስጥ በእጇ ሰው ያልሞተባት ብቸኛዋ ሐኪም ተብላ ዝናዋ ወጣ። አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፋ መጥታ፣ «ቢያንስ ይንኩልኝ፣ ዶክተር» ብላ እግሯ ላይ በወደቀች ቀን አስካል ሕፃኑን ታቅፋ ራሷ ወደ ታችኛው ሰፈር ሮጠች። ሕፃኑ ዳነ። እሷ ግን የሚያክሙትን ሰዎች እጅ ስታይ ቆይታ፣ ወደ ቤት ስትመለስ እንባዋን መግታት አቅቷት ነበር።

በማግስቱ ጉትቻዋን ሸጠች። ለማንም ሳትናገር፣ ሾፌሩንም ሳትጠራ፣ በእግሯ ወደ ታችኛው ሰፈር ኮሌጅ ወርዳ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ክፍል ገባችና ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሳንባ ሥዕል ስሎ አየር እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ ማስረዳት ጀምሮ ነበር። አስካል ደብተሯን ገልጣ መጻፍ ያዘች። አንድ መሥመር እንኳ ጽፋ ሳትጨርስ አንዱ ተማሪ ዞር ብሎ አያት።

«ዶክተር አስካል ናቸው!» አለ ጮክ ብሎ።

ክፍሉ በአንድነት ቆመ። መምህሩ ጠመኔውን ጣለ። ርእሰ መምህሩ ተጠርተው እየሮጡ መጡ፤ እጆቻቸውን ዘርግተው ጎንበስ አሉ።

«ዶክተር! ምን ዓይነት ክብር ነው! ይህን ሁሉ ሕመምተኛ ልከውልን አንድ ቀን እንኳ ሳናመሰግንዎ። እባክዎ ወደ ፊት ይምጡ፣ ከኋላማ እንዴት ይቀመጣሉ!»

«ለመማር ነው የመጣሁት» አለች አስካል። «ክፍያውንም ይዣለሁ። እባክዎ ይመዝግቡኝ።»

ርእሰ መምህሩ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ሰማችሁ?» አሉ። «ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከዚህ ሁሉ ዝና በኋላ፣ ለመማር ነው የመጣሁት ይላሉ! ትሕትና ማለት ይህ ነው! አስተውላችሁ ያዙት!»

ጭብጨባው ክፍሉን አናወጠው። አስካል እጇን ዘርግታ ገንዘቡን ልታሳያቸው ሞከረች፤ ርእሰ መምህሩ ለኮሌጁ የተደረገ ስጦታ መስሏቸው ደግመው አጎነበሱ፣ ተማሪዎቹም ደግመው አጨበጨቡ። «አልተመረቅሁም! ውሸት ነው!» ብላ ጮኸች፤ ከጭብጨባው የተነሣ ግን ቃሏ አልተሰማም። አንድ ትጉህ ተማሪ ሳንባውን ከሰሌዳው ላይ አጥፍቶ በቦታው «እንኳን ደህና መጡ ዶክተር» ብሎ በትልልቁ ጻፈ።

ርእሰ መምህሩ ጸጥታ እስኪሆን ጠበቁና፣ ለእንግዳዋ ክብር ሲባል በዚያ ቀን ትምህርት እንደማይኖር አስታወቁ። ተማሪዎቹ በደስታ ጮኸው ደብተራቸውን ሰበሰቡ፤ መምህሩም ኮቱን ደርቦ ከእነሱ ጋር ወጣ።